ከካይሮው ዓምድ እስከ አንጀኒ ማሳ፦ የዝናብና የጎርፍ ልኬት ታሪክ

«ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላል ያገራችን ሰው። ዓባይ ይዞት የሚሄደው ግን ግንድ ብቻ አለመሆኑን በየክረምቱ ማሳው ሲታጠብ የሚያይ አርሶ አደር ሁሉ ያውቀዋል። ወንዙ ሐምሌ ላይ የሚቀላው በእኛ አፈር ነው። ይህን ማንም ያውቃል። ስንት አፈር፣ ከየትኛው ማሳ፣ በየትኛው ወር የሚለው ጥያቄ ግን መልስ ያገኘው ብዙ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ተባብረው ከለኩ በኋላ ነው።

ዩኒየናችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ስለ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አቅርቦት፣ ስለ ገበያ ትስስርና ስለ ትርፍ ክፍፍል በዚህ መጽሔት ብዙ ይጻፋል፤ መጻፍም አለበት። እኔ በልማት ጣቢያ ሠራተኛነቴ ማንሳት የፈለግሁት ከዚያ ሁሉ በፊት የሚመጣውን ነገር፣ ዝናቡንና አፈሩን ነው። በተለይም የውጭ አገር ተመራማሪዎችና የአገራችን ባለሙያዎች ከአርሶ አደሩ ጋር ሆነው የሠሩትን የልኬት ሥራ ታሪክ በአጭሩ አቀርባለሁ። ታሪኩ የሌላ ሰው ታሪክ አይደለም። ከፊሉ የተሠራው በወሎ፣ በሸዋና በጎጃም ማሳዎች ላይ ነው።

ልኬቱ የተጀመረው ውሃው በሚደርስበት አገር ነው

የዓባይን ውሃ በመለካት ቀዳሚዎቹ ግብፆች ናቸው። ካይሮ ውስጥ ሮዳ በምትባለው ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ፣ ወንዙ ምን ያህል እንደሞላ የሚያሳይ ምልክት የተቀረጸበት የድንጋይ ዓምድ ዛሬም ቆሟል። ተሰብስቦ የተገኘው የከፍታ መዝገብ ደግሞ ከዓምዱ ቀድሞ ከ622 ይጀምራል። ልኬቱ ለዕውቀት ብቻ አልነበረም። ውሃው ከሞላ ምርት አለ፣ ግብርም በዚያው ልክ ይጣላል። ውሃው ከጎደለ ረሃብ ይመጣል።

ይህ መዝገብ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ለሳይንስ ትልቅ ጥቅም ሰጠ። ሃሮልድ ሃርስት የሚባል እንግሊዛዊ የውሃ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1906 ግብፅ ገብቶ አብዛኛውን ዕድሜውን ዓባይን ሲያጠና ኖረ። በ1951 ባሳተመው ጥናቱም ውሃ የበዛባቸው ዓመታት ተከታትለው፣ ውሃ ያነሰባቸውም ተከታትለው የመምጣት ጠባይ እንዳላቸው አሳየ። በኋላ የመጡ ሊቃውንት ይህን ጠባይ በመጽሐፍ ቅዱሱ በዮሴፍ ስም ሰየሙት። ሰባቱን የጥጋብና ሰባቱን የረሃብ ዓመታት ለሚያውቅ አንባቢ ምክንያቱን ማብራራት አያስፈልግም።

ልብ ልንለው የሚገባው ነገር አለ። ይህ ሁሉ ዘመን ሲለካ የኖረው የደረሰው ውሃ ነው እንጂ የሚነሳው አልነበረም። ወደ ምንጩ የመጡትም ቢሆኑ የመጡት ለታችኛው አገር ጥቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል ውስጥ የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ ፍሰት የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ገብቷል። በ1920 እና 1921 ግራብሃምና ብላክ የሚባሉ ባለሙያዎች ጣና ሐይቅን ሲያጠኑም ዋናው ጥያቄያቸው ሐይቁ ለሱዳንና ለግብፅ መስኖ ውሃ ማጠራቀሚያ ሊሆን ይችላል ወይ የሚል ነበር። በደንገል ታንኳ ሐይቁን የሚያቋርጠው ሰው ማሳ ጥያቄ ውስጥ አልገባም።

የአሜሪካኖቹ ጥናት

በኢትዮጵያ በኩል በስፋት የተሠራው የመጀመሪያ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት የመሬት ልማት ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በዓባይ ተፋሰስ ላይ ያካሄደው ነው። መሬቱ ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ ተነሳ፣ በዓባይና በገባሮቹ ላይ የውሃ መለኪያ ጣቢያዎች ተተከሉ፣ የመስኖና የኤሌክትሪክ ኃይል ቦታዎች ተመረጡ። ውጤቱም በ1964 በብዙ ጥራዞች ታትሞ ወጣ።

ጥናቱ ካመለከታቸው ቦታዎች አንዱ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ የሚገኘው ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በዚያው አካባቢ ተሠርቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከጥናቱ እስከ ምረቃው ከስልሳ ዓመት በላይ መፍጀቱ ልኬት ቶሎ ፍሬ ባይሰጥም እንደማይጠፋ ያሳያል።

ይሁን እንጂ ያ ጥናት የለካው ትልልቁን ወንዝ ነበር። የዝናቡ ጠብታ የታረሰው መሬት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን፣ አፈሩ ከማሳው እንዴት እንደሚነሳ አላየም። ይህን የሚመልስ ሥራ እስኪመጣ ሌላ ሃያ ዓመት ያህል መጠበቅ ግድ ሆነ።

ጎርፉን በጠርሙስ

በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ከደረሰው ረሃብ በኋላ «ምግብ ለሥራ» በሚባለው አሠራር እርከን በየተራራው በብዛት መሠራት ጀመረ። እርከኑ ምን ያህል አፈር እንደያዘ፣ ለየትኛው አየር ንብረት የትኛው ዓይነት እንደሚሻል ግን የሚያሳይ የአገር ውስጥ ልኬት አልነበረም። ይህን ጉድለት ለመሙላት እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ተቋቋመ። ሥራውን የጀመሩት የኢትዮጵያ ግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ ገንዘቡ የመጣው ከስዊስ መንግሥት የልማት ትብብር ነው። የፕሮግራሙ መሪ ሃንስ ሁርኒ ቀደም ሲል በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሠራ የጂኦግራፊ ባለሙያ ነበር።

የመጀመሪያው ጣቢያ በ1981 ከደሴ ከተማ ብዙ ሳይርቅ በማይባር ተከፈተ። ቀጥሎም በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በወላይታ ጉኑኖ፣ በሰሜን ሸዋ ደብረ ሲና አጠገብ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም ደንበጫ አካባቢ አንጀኒ፣ በኢሉባቦር ዲዚ፣ እንዲሁም አሁን በኤርትራ ውስጥ ባለው በአፍደዩ ጣቢያዎች ተቋቋሙ። ቦታዎቹ የተመረጡት የተለያየ አየር ንብረት እንዲወክሉ ነው። አንዲት ጥድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የገብስ አገር ነው። አንጀኒ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ የጤፍ አገር ነው። የማይባርና የአንጀኒ ተፋሰሶች እያንዳንዳቸው ከ110 ሄክታር ጥቂት ከፍ የሚሉ ናቸው። አንድ ቀበሌ እንኳ አይሞሉም።

አሠራሩን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። በማሳው ላይ 2 ሜትር በ15 ሜትር የሆነ መሬት ከአካባቢው ይታጠራል። ከታች በኩል ጎርፉን የሚቀበል ማጠራቀሚያ ይቀበራል። አጥሩ ውስጥ ያለው መሬት እንደ ጎረቤቱ ማሳ ይታረሳል፣ ይዘራል፣ ይታጨዳል። ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ የተጠራቀመው ውሃና ደለል ይለካል። ዝናቡን ደግሞ በሰዓት የሚዞር ወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ ይመዘግበዋል።

ከወንዙ ላይ የሚሠራው ከዚህ ይከብዳል። በአንጀኒ ምንቸት የሚባለው ወንዝ ደፍርሶ መምጣት ሲጀምር የጣቢያው ሠራተኛ አንድ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ውሃ ይቀዳል። ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይቀዳል፤ ወንዙ እስኪጎድል እንዲሁ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ጠርሙስ ይጣራል፣ የቀረው ደለል ይደርቃል፣ ይመዘናል፣ በመዝገብ ይሰፍራል። ዝናብ ሰዓት አይመርጥምና በሌሊት ዶፍ ፋኖስ ይዞ ወንዝ ዳር መቆም ግድ ነበር። ይህን ያደረጉት በአብዛኛው የዚያው አካባቢ ተወላጆች ናቸው። የምርምር መጻሕፍቱ ሽፋን ላይ የሊቃውንቱ ስም ተጽፏል፤ ቁጥሩ ግን የመጣው ከእነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

የተገኘው ቁጥር

ከጣቢያዎቹ ልኬት ተነስቶ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ጽሑፍ በኢትዮጵያ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በአንድ ሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገመተ። ይህ ቁጥር በግብርና ኮሌጅ ያለፈ ሁሉ የሚያውቀው ነው። እኔም ለፈተና ብዬ አጥንቼዋለሁ። ትርጉሙ የገባኝ ግን በእኛው መስፈሪያ ስሰላው ነው። 42 ቶን ማለት 420 ኩንታል ነው። አንድ ጥማድ የሄክታር ሩብ ነው ብንል በዓመት 105 ኩንታል አፈር ከማሳው ይወጣል ማለት ነው። በውፍረት ሲለካ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በዓይን አይታይም። አንድ ትውልድ ካረሰው በኋላ ግን ድንጋዩ ብቅ ይላል።

ሌላው የተገኘው ነገር ጊዜውን የሚመለከት ነው። አብዛኛው አፈር የሚሄደው በዓመቱ ውስጥ በሚጥሉ ጥቂት ከባድ ዝናቦች፣ በተለይም መሬቱ ታርሶና ለስልሶ ቡቃያው ገና ሳይሸፍነው ባለው ጊዜ ነው። ለጤፍ ደጋግሞ የሚታረሰው ማሳ ደግሞ የበለጠ ይጎዳል።

በአንጀኒ ከ1985 ጀምሮ «ፋንያ ጁ» የሚባለው እርከን በተፋሰሱ ሁሉ ላይ ተሠራ። ስሙ ስዋሂሊ ነው፤ አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይ የሚጣል በመሆኑ የተሰጠው ነው። ከዓመታት በኋላ በእርከኖቹ መካከል ያለው መሬት ደልደል እያለ ወደ ደረጃ መሬት ተለወጠ። የአፈር መታጠቡም ቀነሰ። የዚያው አካባቢ ታሪክ ለምን እንዳስፈለገ ይነግረናል። ዶክተር ገቴ ዘለቀ ከሁርኒ ጋር ባወጡት ጥናት መሠረት በደንበጫ አካባቢ በ1957 ከመሬቱ 27 በመቶ የነበረው የተፈጥሮ ደን በ1995 ወደ 0.3 በመቶ ወርዷል። የታረሰው መሬት በአንጻሩ ከ39 ወደ 77 በመቶ ከፍ ብሏል።

እውነቱን ለመናገር ግን የምርምሩ ውጤት እርከንን በማወደስ ብቻ አላለቀም። ካርል ሄርቬግና ኤቫ ሉዲ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት በጣቢያዎቹ የተሞከሩት የጥበቃ ሥራዎች አፈሩን እንደሚይዙ አረጋግጠው፣ ምርት ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙውን ጊዜ እንዳልጨመረ፣ አልፎ አልፎም እንደቀነሰ ጽፈዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እርከኑ ራሱ መሬት ይይዛል። ዝናብ በሚበዛበት ቦታ ውሃ ያቁራል። ለበሬ መዞሪያ ይጠብባል።

በምሠራበት ቀበሌ አንድ አባት «ልጄ፣ እርከኑስ አፈሩን ያዘልኝ፤ ግን ታችኛው ጥግ ላይ ውሃው ተኝቶ ጤፌን ቢጫ አደረገብኝ» ብለውኛል። እንዲህ ያለውን ቃል ብዙ ጊዜ «የአመለካከት ችግር» ብለን እናልፈዋለን። እሳቸው የነገሩኝ ግን ከአሥርተ ዓመታት በፊት በልኬት ተረጋግጦ የታተመ ነገር ነው።

መዝገቡ በሌላ ዓይን ሲታይ

በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በመጣበት ጊዜ በአንዳንዶቹ ጣቢያዎች ሥራው ተስተጓጎለ። እ.ኤ.አ. ከ1998 በኋላ ደግሞ የስዊዘርላንድ ድጋፍ የነበረው የፕሮግራሙ ዘመን አብቅቶ ጣቢያዎቹ ወደ ክልሎች ተላለፉ። የአማራ ክልሎቹን የክልሉ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ተረከባቸው። በመሐሉ የመዝገብ ክፍተት ተፈጠረ። ያለፈን ዝናብ ተመልሶ መለካት አይቻልምና የተዘለለ ዓመት የተዘለለ ሆኖ ይቀራል። በ2011 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የውሃና መሬት ሀብት ማዕከል መረጃውን አሰባስቦ የማቆየትና ልኬቱን የማስቀጠል ሥራ ይዞ ተነሣ።

የተጠበቀው መዝገብ ምን እንደሚያደርግ የታየው በሌላ ትብብር ነው። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር በመሆን የማይባርን፣ የአንዲት ጥድንና የአንጀኒን የብዙ ዓመት መዝገብ እንደገና መረመሩ። ውጤቱ በ2008 ታተመ። ቀድሞ ሲታመን የነበረው ዝናቡ መሬቱ ከሚያሰርገው በላይ ሲፈጥን በየትም ቦታ ጎርፍ ይነሳል ተብሎ ነው። መዝገቡ ያሳየው ሌላ ነው። ክረምቱ ሲገባ መሬቱ ይጠጣል። ከዘነበው ላይ በትነት የሚሄደው ተቀንሶ 500 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪጠራቀም ድረስ ወንዙ የሚያገኘው ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከሚጥለው ዝናብ ግማሽ የሚሆነው ወደ ወንዝ ይወርዳል።

ጎርፉ የሚነሳው በዋናነት ውሃ ከጠገቡ ቦታዎች ነው። እነዚህም ከዳገቱ ግርጌ ያሉ ረግረጋማ መሬቶችና አፈራቸው ተጠርጎ ጠንካራው ንጣፍ የወጣባቸው ቦታዎች ናቸው። ከባሕር ዳር በስተደቡብ በሚገኘው ደብረ ማዊ የተደረገውና በ2010 የታተመው ጥናት ይህን ወደ ቦረቦር ወሰደው። ቦረቦሩ የሚሰፋው የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ብሎ አፈሩን ባራሰበት ቦታ ሲሆን ከዚያ የሚሄደው አፈር በዙሪያው ካለው እርሻ ከሚታጠበው እጅግ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ቦረቦሩ መቼ እንደጀመረ ለማወቅ የአካባቢውን አርሶ አደሮች ጠየቁ። የሽማግሌዎች ትዝታ ከመሣሪያው ልኬት ጋር አብሮ መረጃ ሆነ።

ይህ ለእኛ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በየዓመቱ በበጋ በሕዝብ ንቅናቄ ለተፋሰስ ሥራ ብዙ የሰው ጉልበት ይወጣል። ዳገት ላይ አፈር የሚይዘው ቦይ፣ ውሃ በጠገበው ግርጌ ከተቆፈረ ውሃውን ሰብስቦ የአዲስ ቦረቦር መነሻ ሊሆን ይችላል። የሥራ ዕቅዳችን የሚጠይቀን ግን ብዙ ጊዜ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሠራን ነው፤ የት እንደሠራን አይጠይቅም።

ከሰማይ የሚታየውና ከመሬት የሚለካው

የዝናብ ትንበያም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። የ1977ቱ ድርቅ ካለፈ በኋላ የአገራችን የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች በሩቁ የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ፣ ማለትም ኤልኒኖ፣ ከክረምት ዝናባችን ማነስ ጋር ያለውን ግንኙነት እየተከታተሉ የወቅት ትንበያ ማውጣት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ የዚያን ጊዜው ብሔራዊ ሜትሮሎጂ ኤጀንሲ ከእንግሊዙ ሬዲንግና ከአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመሆን ከ1983 ጀምሮ ያለውን የሳተላይት ምስል ከመሬት የዝናብ መለኪያ መዝገብ ጋር አዋሐደ። በዚህም መለኪያ ለሌለባቸው ቀበሌዎች ጭምር የዝናብ ታሪክ ለመገመት ተቻለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መረሳት የለበትም። ሳተላይቱ የሚያየው ደመናው ምን ያህል ቀዝቃዛ እንደሆነ ነው፤ ማሳው ላይ የወረደውን ውሃ አይሰፍርም። ግምቱ የሚስተካከለው በየጣቢያው ጠዋት ተነስቶ መለኪያውን አይቶ በሚጽፈው ሰው ነው። ያ ሰው አንድ ወር ካልጻፈ በውጭ አገር ያለው ትልቁ ኮምፒዩተርም የዚያን ወር እውነት አያገኘውም።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። የውጭ አገር ምሁራን ዘዴና ገንዘብ ይዘው መጥተዋል፤ ሊመሰገኑ ይገባል። ሥራው ፍሬ ያፈራው ግን በቦታው የሚኖር ሰው ሳያቋርጥ ስለመዘገበ ነው። የተቋረጠውም ያ ሰው ደመወዝ፣ ወረቀትና ጠያቂ ሲያጣ ነው። ውጤቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ መጽሔት ታትሞ ሲወጣ ቁጥሩ ከማሳው ለተገኘው አርሶ አደር ተመልሶ የተነገረው ጥቂቱ ብቻ ነው። ይህን ክፍተት መሙላት የእኛ የልማት ሠራተኞችና የማኅበራት ድርሻ ይመስለኛል።

ስለዚህ የዩኒየኑ አመራር፣ መሠረታዊ ማኅበራቱና የወረዳ ኃላፊዎች ሦስት ነገሮችን ቢያስቡባቸው መልካም ነው እላለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር አንድ ቀላል የዝናብ መለኪያና አንድ መዝገብ ቢኖረው። በመለኪያው 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው፤ ማንበብ የሚችል ሁሉ ይሠራዋል። የማዳበሪያና የዘር መዝገብ የሚጠብቀው ጸሐፊ የዝናቡንም ሊጠብቅ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የተፋሰስ ሥራ ዕቅድ ከመውጣቱ በፊት በነሐሴ ወር ሽማግሌዎችን ይዞ ቀበሌውን መዞር ይገባል። ውሃ የት እንደሚተኛ፣ ምንጭ የት እንደሚፈነዳ የሚታየው በነሐሴ እንጂ በጥር አይደለም። በነሐሴ የታየው በጥር ለሚቆፈረው መመሪያ ይሁን።

ሦስተኛ፣ በአካባቢያችን ጥናት ለሚያደርግ ማንኛውም ተቋም በሩ ክፍት ይሁን፤ ነገር ግን ውጤቱን በአማርኛ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት እንዲያቀርብ እንጠይቅ። ለጥናቱ መሬትና ጊዜ የሰጠ አርሶ አደር የተገኘውን የማወቅ መብት አለው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ማኅበራችን በዘርና በገበያ ያሳየውን ኅብረት በዝናቡና በአፈሩ መዝገብም ቢያሳይ፣ ከዛሬ ሃያ ዓመት በኋላ የሚመጡ ልጆች ከማሳቸው ስንት ኩንታል አፈር እንደሄደና ስንቱ እንደቀረ ከራሳቸው ማኅበር መዝገብ ማንበብ ይችላሉ።

ለዩኒየናችን አባላትና ለመላው አርሶ አደሮቻችን መልካም የምሥረታ በዓል እመኛለሁ!